የሽንት ጨርቅ ታሪክና በመዝገብ ያልገባው ወጪ



ባለፈው ክረምት በየቤታቸው ሕፃናት የሚያቆዩ አባሎቻችን ለወርኃዊው ስብሰባ ሲመጡ የሁሉም ወሬ አንድ ነበር፤ ጨርቁ አልደርቅ አለ። ዝናቡ አያባራም፣ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ የጠዋቱ ጨርቅ ሳይደርቅ የከሰዓቱ ይቆለላል። ከመካከላችን አንዷ እህታችን አምስት ሕፃናት ታቆያለች። የሦስቱ እናቶች ዳይፐር ለመግዛት አቅማቸው ስለማይፈቅድ ልጆቻቸውን የሚያመጡት በሽንት ጨርቅ ነው። ከሦስቱ የአንዱ ሕፃን መቀመጫ ቀልቶ ተላላጠ። እናቲቱ ማታ ልትወስደው መጥታ ገልጣ ስታየው፣ «እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው ጥዬው የምሄደው» አለቻት። በማግሥቱ ልጁ አልመጣም። ሳምንት ሳይሞላ ሌላዋም እናት ልጇን አስቀረች። እህታችን ይህን ስትነግረን እያለቀሰች ነበር። «ከእንግዲህ ጨርቅ የሚለብስ ልጅ አልቀበልም» አለች።

ውሳኔዋን ለማጽደቅ ከበደን። ጨርቅ የሚለብስ ልጅ አንቀበልም ካልን፣ ከደጃፋችን የምንመልሰው ዳይፐር መግዛት የማትችለውን እናት ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው ደግሞ ለእንደዚህች ያለች እናት ነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ከእኛ በፊት የነበሩት ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት እንጠይቅ ተባባልን። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

በእናቶቻችን ጊዜ

መጀመሪያ የጠየቅናቸው በዕድሜ የገፉትን የማኅበራችንን እናት ነው። ሳቁብን። «እኛ የሽንት ጨርቅ ብለን ገዝተን እናውቃለን እንዴ? ነጠላው ሲያረጅ ይቀደዳል፤ እሱ ነው ጨርቁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያረጀ ነጠላ ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ለስልሷል፣ ሽንት ይመጣል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ከገበያ የሚገዛው ደግሞ አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ራሱ ታሪክ አለው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ይገባ ከነበረው የውጭ ሸቀጥ ዋነኛው ያልነጣ የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ለጉዞው ምክንያት ከሆኑት አንዱ ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበር። አዲስ አቡጀዲ ግን እንደ ነጠላው አይደለም። ደጋግሞ ካልታጠበ ሸካራ ነው፣ ውኃም አይመጥም። እናታችን እንዳሉን፣ ልጁ ሳይወለድ ቀደም ብሎ በፈላ ውኃ ብዙ ጊዜ ይታጠብ ነበር።

ስለ ማጠቢያውም ጠየቅናቸው። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሸማ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያረፋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣው ስለሆነ፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚጠቅም ተመራመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኛም ኮራንባቸው። ይህ ታሪክ ሲነገር ግን የአጣቢዎቹ ሴቶች ስም ሲነሣ አልሰማንም።

በባሕር ማዶ

የሌላውም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጨርቁን የምናያይዝበትን መርፌ ቁልፍ ዋልተር ሀንት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ሠርቶ መብቱን በ400 ዶላር ሸጠ። መርፌው የመውጋት ችግሩን አቃለለ፤ የመላላጡ ችግር ግን አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ1921 ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የመላላጡን ምክንያት ሲመረምር፣ በጨርቁ ላይ የሚቀሩ ጀርሞች ሽንቱን ወደ አሞኒያ እንደሚለውጡት አሳየ። ጠዋት የጨርቅ ባልዲ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይኸው ነው። በ1980ዎቹ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ጥፋቱ የአሞኒያው ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። ሽንትና ሰገራ አንድ ላይ ሲቆዩ፣ ሰገራው ውስጥ ያለው ምግብ የሚያፈጭ ኬሚካል ይበረታና የሕፃኑን ቆዳ ይበላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ሕፃኑ ረጥቦ እንዳይቆይ ማድረግ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በብዛት ፋብሪካ ገቡ። መንግሥት ለልጆቻቸው የቀን ማቆያዎችን በገንዘብ ደገፈ። ቤት ለቤት እየዞሩ የቆሸሸ የሽንት ጨርቅ ሰብስበው፣ ንጹሑን የሚመልሱ ድርጅቶችም ሥራቸው ሰፋ። እጥበት ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑ ያኔ በደረሰኝ ታየ። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት ድጋፉን አቆመ፣ አብዛኞቹ ማቆያዎችም ተዘጉ።

ወዲያው ከጦርነቱ በኋላ ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች እናት ጨርቅና አንሶላ ማጠብ ሰልችቷት የመታጠቢያ ቤቷን መጋረጃ ቀደደች። ከእሱም ከጨርቁ በላይ የሚለበስ፣ ውኃ የማያሳልፍ መሸፈኛ በስፌት መኪናዋ ሰፋች። በመርፌ ቁልፍ ፈንታም ተጭነው የሚገጥሙት ቁልፍ አደረገችበት። አምራቾች አልፈልግም ቢሏትም፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ኒውዮርክ በሚገኝ ትልቅ መደብር መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1951 የፈጠራ ባለቤትነት መብቷን አግኝታ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ቀጥላ ተጠቅመው የሚጥሉት የወረቀት ዳይፐር ይሠራ ብትል ግን የሚሰማት አላገኘችም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ፓምፐርስን ለሙከራ ገበያ ሲያወጣም ዋጋው ስለተወደደ መጀመሪያ ብዙ ገዢ አላገኘም። በርካሽ የሚሠራበት መንገድ ከተገኘ በኋላ ነው የተስፋፋው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ያስተዋልነው አንድ ነገር ነው። ከሀንት እስከ ፓምፐርስ መፍትሔ የተባለው ሁሉ እጥበቱን ወይ አቅልሎታል፣ ወይ በገንዘብ ለሌላ ሰው አሳልፎታል፣ ወይ ወደ ቆሻሻ መጣያ ልኮታል። መክፈል ያልቻለች እናት ጋ ሲደርስ ግን እጥበቱ እንደነበረ ነው። እሷ ሥራ ከሄደች ደግሞ እጥበቱ ልጇን የምትይዝላት ሴት ጋ ይመጣል።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

በአገራችን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/96 አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 60 ቀን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አሳደገው። ትልቅ መሻሻል ነው። ቢሆንም በሦስት ወሩ ሕፃኑ አንድ ሰው ጋ መዋል አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተደንግጎ ነበር። በጉልት የምትሸጠው፣ በሰው ቤት ተመላላሽ የምትሠራው እናት ግን የምታመለክትበት መሥሪያ ቤት የላትም። የእሷ ልጅ የሚውለው እኛ አባል ቤት ነው።

ወደ እህታችን ቤት ሄደን አንድ ሳምንት አብረናት ዋልን። ጥፋተኛ ፍለጋ አልነበረም የሄድነው። ያየነው ይህ ነው። ውኃ ለመቆጠብ ስትል ሳሙና አብዝታ አንድ ጊዜ ብቻ ታለቀልቃለች፤ የቀረው ሳሙና የሕፃኑን ቆዳ ያቃጥላል፣ ጨርቁንም ያደርቀዋል። የልጁ እናት በበኩሏ ለልጇ አስባ ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን በደንብ ትለቀልቀዋለች። ቫዝሊኑ ጨርቁ ላይ ይጣበቅና ሽንቱን አያስመጥጠውም፣ ሽንቱም ይፈሳል። ከሁሉም በላይ ልጁ የሚመጣው አራት ጨርቅ ብቻ ይዞ ነው። አራቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቁ፣ ሌላው እስኪደርቅ ሕፃኑ እንደረጠበ ይቆይ ነበር። ሁለቱም ሴቶች የሚችሉትን እያደረጉ ነበር። ጨርቁን የቆጠረ ግን አልነበረም፤ ከቆጣሪዎቹ መካከል እኛ ነን ያለነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። የእህታችንን መዝገብ የምንሠራላት እኛ ነን። መዝገቡ በየወሩ ትርፍ ያሳይ ነበር። ለሦስት ሕፃናት ስድስት ስድስት ጊዜ ቢቀየር በቀን 18፣ በአምስት ቀን 90 ጨርቅ ይታጠባል። በዚያ ሳምንት ስንለካው እጥበቱ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀባት። ለዚህ ሥራ በመዝገቡ ውስጥ አንድም መስመር አልነበረም። የሳሙናው ዋጋ ከቤቷ የሳሙና ወጪ ጋር ተደባልቋል፣ የገዛችው ውኃም እንደዚያው። አትራፊ ነሽ እያልን በየወሩ የምናስፈርማት ሴት በእጥበት እየከሰረች ነበር።

ያደረግነው

ታላቋ እናታችንና እህታችን አብረው ወደ ሕፃኑ እናት ቤት ሄዱ። ቡና ተፈላ። እህታችን፣ «ልጄ ነው ያልኩትን ልጅ እንዲያ ሆኖ ማየት ለእኔም ከብዶኛል» አለቻት። እናቲቱም አራት ጨርቅ ብቻ የምትልከው ሌላ ስለሌላት መሆኑን ተናገረች፤ ይህን ለመናገር አፍራ ኖሯል። ልጁ በሳምንቱ ተመለሰ። ሌላዋ እናት ግን ልጇን አልመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ሕፃናት የሚያቆዩ አባሎቻችን ሁሉ ይህን ተስማምተዋል። ጨርቅ የሚለብስ ልጅ ቢያንስ ስምንት ጨርቅ ይኖረዋል፤ የጎደለውን ማኅበሩ ከቁጠባችን ትርፍ ያሟላል። የእያንዳንዱ ልጅ ጨርቅ ጥግ ላይ በተለያየ ቀለም ክር ምልክት ይሰፋል፣ ጠዋትና ማታ ተቆጥሮ ይረከባል። ሕፃን ከረጠበ ወዲያው ይቀየራል። ሰገራው ሽንት ቤት ይራገፋል፣ ጨርቁ ክዳን ባለው ባልዲ ለብቻው ይቀመጣል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሳሙና በልክ ይደረጋል፤ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ይለቀለቃል። በረኪና የዘወትር አይደለም፣ የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይገባም፤ ማለስለሻ ጨርቁ ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። ቅባት ካስፈለገ ከጨርቁ በላይ ቁራጭ ያረጀ ነጠላ ይነጠፋል። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በክረምት እርጥበቱ እስኪለቅ በካውያ ይተኮሳል። ቁስሉ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

በመዝገባችንም «የእጥበት ሒሳብ» የሚል መስመር ከፍተናል። ሳሙናው፣ ውኃውና የሥራው ሰዓት በዚያ ይጻፋል። እናት የምትችል ከሆነ በወር ትንሽ ትጨምራለች። የማትችለው ቅዳሜ መጥታ ታጥባለች፤ ይህም በመዝገቡ እንደ ክፍያ ይያዝላታል። መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ። «ጎረቤት ለጎረቤት ጨርቅ ቢያጥብ ይህ ሒሳብ ነው?» ያሉን አሉ። ታላቋ እናታችን እንኳ፣ «እኛ ማጠቡን ሥራ ብለን አናውቅም ነበር» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ወገባችን ግን ያውቀው ነበር» ብለው ሳቁ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር በግልጽ ለመናገር እንወዳለን። አምና በካርቶን የላካችሁልን ዳይፐር ችግራችንን አቃሎልናል፣ እናመሰግናለን። ሁለት ወር አገለገለን፣ ከዚያ አለቀ። ዘንድሮ ምን ይላክ ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሳችን ይህ ነው፤ አንድ ሮቶ፣ ክዳን ያላቸው ባልዲዎችና አንድ ጣቃ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። ስፌቱን እኛው እንሰፋዋለን፣ ደረሰኙንም እንደ ልማዳችን እንልክላችኋለን።

ሕፃናት የምታቆዩ እህቶቻችን ለሚቀጥለው ስብሰባ የጨርቅ መቁጠሪያ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የእያንዳንዳችሁን የእጥበት ሒሳብ በዚያው ቀን እንዘጋለን።