ስንዴ የማይስማማቸው ሕፃናትና የክረምት ካምፕ ምርጫ

በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከልዩ ልዩ ተቋማት ውሕደት የተወለደ ነው። ከነዚህም አንዱ በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ሲሆን፥ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ፤ በ1995ም ከብሔራዊው የጤና ምርምር ተቋም ጋር ተዋሐደ። ይኸው ተቋም ካበረከታቸው ሥራዎች በእናቶች ዘንድ ስሙ የገነነው ፋፋ ነው። ስንዴን ከአኩሪ አተር፥ ከሽምብራና ከዱቄት ወተት ጋር ያዋሐደው ይህ ምግብ ብዙ ሕፃናትን ከክሳት ለመታደግ የታሰበ ነበር።

ይሁን እንጂ ለብዙኃኑ መድኅን የሆነው ስንዴ ለጥቂቶች ጠንቅ ነው። ሴሊያክ በተባለው ሕመም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ በትንሹ አንጀት ላይ ያስነሣዋል፤ ሕፃኑ እየበላ ይከሳል፥ ሆዱ ይነፋል፥ እድገቱም ይገታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ፈውስ ከተገኘ በምግብ በኩል መሆን እንዳለበት ገልጦ ነበር። ጥፋተኛውን እህል ለይቶ ያሳየው ግን በዘሄግ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ ነው። ዲከ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ሲሆን፥ ሆላንድ በ1944ና በ1945 መካከል በተራበችበት ክረምት ዳቦ መጥፋቱ ሐሳቡን አጠነከረለት፤ በ1950 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም አስረዳ።

ከዚያው ከሆላንድ የተነሡ ተመራማሪዎች በ2005 ጤፍ ይህ ጎጂ ፕሮቲን እንደሌለበት አሳተሙ። በጤፍ ዱቄት ላይ በ2007 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የተሰጠው የአውሮፓ የፈጠራ መብትም በ2018 በዘሄግ ፍርድ ቤት በዚያው አገር ተሻረ።

እንግዲህ ሕመሙ ያለበት ልጅ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ካምፕ ሲላክ፥ የኛ ልጅ እንጀራ ይበላልና አያሰጋውም ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ጤፉ ከስንዴ በኋላ በአንድ ወፍጮ ተፈጭቶ ይሆናል፤ ሊጡ ከገብስ ጋር ተደባልቆ፥ እርሾውም ከድብልቅ ሊጥ የቀረ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት። ቁርሱ በሶ፥ መክሰሱ ቆሎና ዳቦ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው።

ስለዚህ ወላጅም ሆነ አማካሪው ባለሙያ ከመዋኛውና ከኳስ ሜዳው አስቀድሞ ወጥ ቤቱን ይመልከት። ዱቄቱ የት እንደሚፈጭ፥ ምጣዱና ማማሰያው የተለየ መሆኑን፥ ልጁ ቢታመም ማን እንደሚያክመው ይጠይቅ። በአንዳንድ አገሮች ለነዚህ ልጆች ብቻ የተለየ ሳምንት የሚሰጡ ካምፖች አሉ፤ ጥቅማቸውም ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ያንኑ ምግብ ያለ ፍርሃት መብላቱ ነው።

በኛ ባህል በአንድ መሶብ መብላት ፍቅር ነው፤ ጉርሻን መመለስም ነውር። ልጁን ከመሶቡ ማራቅ ሌላ ሕመም ይሆንበታል። መልካሙ ካምፕ ልጁ የጓደኛውን ጉርሻ ሳይፈራ የሚቀበልበት፥ ማለትም መሶቡ በሙሉ ለእርሱ የሚስማማበት ነው። ይህን ማስተማር የኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።