በጣቢያ ያለ ሰው በማን እጅ ነው? ከቁራኛ እስከ ማዕከላዊ



አያቶቻችን የፖሊስ ጣቢያ አያውቁም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚባለው ይህ ነው። ፊቅህ የቀራንም «ሙላዘማ» የሚባለውን እናውቃለን፤ ባለ ዕዳ ከባለ ገንዘቡ እይታ ሳይወጣ የሚውልበት ሥርዓት ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች ያጎሳቁላሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ጉዳዩ ሲጓተት ከሳሹም አብሮ ይንገላታል። ስለዚህ ፍርዱን እሱም ያቻኩላል።

እስር ቤት ሲመጣ ይህ ቀረ። ቀጠሮ ቢራዘም አሳሪውን የሚቸግረው ነገር የለም፤ የሚጎዱት ታሳሪውና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው። ሕግ የጊዜ ገደብ ማበጀት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ዘመናዊው የአገራችን ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ይህንኑ አጸና፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብም ከለከለ። አንቀጽ 21 ደግሞ ታሳሪ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ሰጠው።

ሕጉ ተጽፎ ሳለ ግን ማዕከላዊ ነበረ። ይህ የአዲስ አበባ የምርመራ ግቢ በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን የሰቆቃ ስም ሆኖ ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. የተያዙት የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት የተመረመሩት እዚያው ነው። በ2010 ተዘጋ፤ በ2011 መጨረሻ ለጎብኚ ተከፈተ። ግቢ መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ አሠራር መለወጥ ደግሞ ሌላ። አሠራር የሚለወጠው በእያንዳንዱ ወረዳ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ነው።

ለዚህ ከ1,200 ዓመት በፊት የተሰጠ ምክር አለ። የኢማም አቡ ሐኒፋ ደረሳ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው ኪታባቸው ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ስለ እስረኞች ጽፈዋል። በዘመኑ እስረኞች በሰንሰለት እየወጡ ይለምኑ ነበር። አቡ ዩሱፍ ይህ ይቁም አሉ። ለእያንዳንዱ እስረኛ በወር 10 ዲርሃም ይቆረጥለት፤ የክረምትና የበጋ ልብስ ይሰጠው፤ ስሙ በመዝገብ ይጻፍና ገንዘቡን ታማኝ ሰው በእጁ ያስረክበው አሉ። ዳቦ ከሆነ የሚታደለው ጠባቂዎቹ ይወስዱታልና። ሹማምንትም በየጥቂት ቀኑ የእስረኞችን ጉዳይ እንዲያዩ፣ ክስ የሌለበትን እንዲለቁ፣ ሰውን በጥርጣሬ ብቻ እንዳይገርፉ አሳሰቡ። ተገርፎ የሰጠው ቃልም አይያዝበትም። ሐሳቡ ከአንቀጽ 19 ጋር ምንኛ ይቀራረባል!

አሁን ወደ ዓለም ከተማችን እንመለስ። በአገራችን የጣቢያ ታሳሪን ስንቅ በአብዛኛው የሚያቀብለው ቤተሰብ ነው። ከጀማ በረሃ ዳገቱን በእግር ወጥታ አገልግል ይዛ የምትመጣ እናት ምን ያህል እንደምትደክም መርሐቤቴ ያውቃል። ዘመድ ያለው ይበላል። ከሌላ አገር መጥቶ ገበያ ላይ የተያዘ መንገደኛስ? እሱ የሚበላው አብሮት የታሰረው ሰው ሲያካፍለው ነው። እዚህ ላይ መብቱ በሰው ደግነት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። ከመንግሥት በኩል የታሳሪ ምግብ በጀት ይኑረው፤ የተያዘበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ዐቃቤ ሕግና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ሳይጠሩ ገብተው ይዩ። ከእኛ በኩል ደግሞ አንቀጽ 21 የሃይማኖት አማካሪ ብሎ በሩን ከፍቶልናል። ኢማሞቻችን ከከተማው ቀሳውስት ጋር ተነጋግረው በየሳምንቱ ይጠይቁ፤ ጠያቂ የሌለውን ሰው ስም ይያዙ፤ ስንቁንም ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል እናቀብል። ጠያቂ ያለው ታሳሪ አይረሳም፤ ያልተረሳን ሰው መበደልም ይከብዳል።

አላህ ከበዳይም ከተበዳይም አያድርገን። ወሏሁ አዕለም።