ቁጥሩና ሕመምተኛው፦ ከጎንደር ማሠልጠኛ እስከ ሆሳዕና የፈቃድ ፈተና

የሐኪምነት ፈቃድ በፈተና እንዲሰጥ የማድረግ ሐሳብ፣ ሙያው ራሱንም ሕዝቡንም ከአስመሳይ ለመጠበቅ ካደረገው ረዥም ትግል የመነጨ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1858 የወጣው የሕክምና ሕግ ብቁ ሐኪሞችን በአንድ መዝገብ አስፍሮ ከሌላው እንዲለዩ አድርጓል። በኢትዮጵያም ጤና ሚኒስቴር ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎች ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት በብሔራዊ ፈተና እንዲመዘኑ ሲያደርግ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን አስጀምሯል።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም፣ ከሐዲያ ተወልዳ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት በነገሠችው በንግሥት ዕሌኒ ስም በተሰየመው የሆሳዕና ሆስፒታል እየሠለጠኑ፣ ይህንኑ በር ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ለፈተና በሚደረገው ክለሳ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ጥገናና የማሕፀን ሕክምና ረዣዥም ሌሊቶችን ሲወስዱ፣ ባዮስታቲስቲክስ ለመጨረሻው ሳምንት ተትቶ እንደ ውዳሴ በቃል መሸምደዱ ነው። የዚህ ልማድ ምንጭ አንዱ ትምህርት የአልጋ፣ ሌላው የጠረጴዛ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሲሆን፣ የሕክምና ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም።

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የፓሪሱ ሐኪም ፒየር ሉዊ፣ ለሳንባ ምች ደም ማፍሰስ ፍቱን ነው በተባለበት ዘመን፣ ሕሙማኑን እየቆጠረ ቶሎ ደማቸው የፈሰሰውን ዘግይቶ ከፈሰሰው ጋር አነጻጸረ። የተመካበት ሕክምና የተወራለትን ያህል እንደማይጠቅም ያወቀው በዚህ ነበር። ቁጥር ወደ ሕክምና የገባው ከአልጋው አጠገብ እንጂ ከውጭ አልነበረም ማለት ነው።

በአገራችንም ሁለቱ ትምህርቶች ገና ከመነሻው አብረው ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ሲያሠለጥን፣ ተማሪው ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው የመጣበትን ቀበሌም እንዲመረምር ይፈልግ ነበር። ይህ አስተያየት ምን ያህል ተገቢ እንደነበረ ብዙም ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አገሮች አዳርሶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል።

ይህ ታሪክ ለሐዲያና ለከምባታ ከተሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። ሆሳዕናም ዱራሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ሲገኙ፣ ወደ ብላቴና ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርዱት ቀበሌዎች ግን ቆላማ ናቸው። ከደጋውም ከቆላውም የመጣ ትኩሳታም በአንድ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። ከ100 በሽተኞች 95ቱን የሚለይ፣ ከ100 ጤነኞችም 95ቱን ነፃ የሚያወጣ የወባ ምርመራ አለ እንበል። ከቆላው ከመጡ 1,000 ትኩሳታሞች 200ው ወባ ቢኖራቸው፣ ምርመራው 190 እውነተኛና 40 ሐሰተኛ በሽተኛ ያወጣል፤ ወባ አለብህ ከተባሉት 100 ሰዎች 83 ያህሉ በእርግጥ አለባቸው። ከደጋው ከመጡት 1,000 ውስጥ ሕሙማኑ 20 ብቻ ቢሆኑ ግን፣ 19 እውነተኛና 49 ሐሰተኛ ይወጣል፤ ከ100ው የሚታመኑት 28 ያህሉ ብቻ ናቸው። መሣሪያው ያው፣ ባለሙያውም ያው ሆኖ ሳለ፣ የውጤቱ ትርጉም ግን ተለወጠ።

እነዚያ 49 ሰዎች የወባ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ትኩሳቱን ያመጣው የሳንባ ምች ወይም የማጅራት ገትር ሥራውን ይቀጥላል። በስሌቱ ላይ የሚደረግ ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ሲያሳጣ፣ በተመላላሽ ክፍል ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በአንጻሩም «ደጋ ነውና ወባ የለም» ብሎ መደምደም እንደማያዋጣ የ1958ቱ ወረርሽኝ አስተምሯል፤ የበሽታው መጠን እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ፣ ሐኪሙ የአካባቢውን መዝገብ በየጊዜው ማየት ይኖርበታል።

ስለዚህም የክለሳው መንገድ ሁለቱን ትምህርቶች መልሶ ማጋባት ነው። ተፈታኙ አንድን ሕመም ሲያነብ፣ ምልክቶቹንና መድኃኒቱን ካወቀ በኋላ፣ ይህ ሰው ከየት መጣ፣ በዚያስ አገር ከመቶ ስንቱ ይህ በሽታ አለበት፣ ምርመራውስ ምን ያህል ይታመናል ብሎ ይጠይቅ። ነባር ሐኪሞችም በሕሙማን ጉብኝት ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪው ቢያቀርቡለት ቀመሩ ከቃል ጥናት ወጥቶ ልማድ ይሆናል። ፈተናው በአንድ ቀን ያልፋል፤ ትኩሳታሙ ግን በማግስቱም ከወንበሩ ላይ ነው።