የታንከር ፈሳሽ ከፍታ ሴንሰር

የፈሳሽ ከፍታ ሴንሰር በታንከር ውስጥ ያለው ፈሳሽ የት ድረስ እንደሞላ ለክቶ ለመቆጣጠሪያ ክፍል የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። በውሃ፣ በነዳጅ፣ በሞላሰስ፣ በአሲድና በመጠጥ ማከማቻዎች ላይ ይገጠማል። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በአመራረጡ ላይ ነው፤ ምሳሌዎቹም በአብዛኛው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦና ከሙገር አካባቢ ናቸው። የአገሩ ከፍታ የአየር ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ የአምቦ ማዕድን ውሃም ከመሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ነው። ሁለቱም በምርጫው ላይ ከዋጋ ይልቅ ይከብዳሉ።

አመጣጥ

በተንሳፋፊ የመቆጣጠርን ዘዴ ማን እንደጀመረው አከራካሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ ነው። የውሃ ሰዓቱ መግቢያ በተንሳፋፊ ይከፈትና ይዘጋ ነበር ይባላል፤ ይሁን እንጂ የራሱ ጽሑፎች ስለጠፉ ታሪኩ የተገኘው ከኋለኞች ደራስያን ነው። በ9ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖሩት ባኑ ሙሳ የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ስለ ብልሃተኛ መሣሪያዎች በጻፉት መጽሐፍ ተንሳፋፊ ቫልቮችን ገልጸዋል። ወደ ኢንዱስትሪው ዘመን ስንመጣ እንግሊዛዊው ጄምስ ብሪንድሊ (1758 እ.ኤ.አ.) እና ሩስያዊው ኢቫን ፖልዙኖቭ (1765 እ.ኤ.አ.) ለቀዳሚነት ይፎካከራሉ። ሁለቱም የፈለጉት የቦይለሩ ውሃ እንዳይጎድል ነበር፤ ለየብቻቸው ደርሰውበት ሊሆን ይችላል።

ዓይነቶች

ተንሳፋፊ፣ የግፊት፣ የአልትራሳውንድ፣ የራዳርና የካፓሲታንስ ሴንሰሮች በብዛት ይታወቃሉ። ተንሳፋፊው ርካሽና ለመረዳት ቀላል ነው፤ ካልሲየም ባለበት ማዕድን ውሃ ውስጥ ግን ነጭ ደለል ሊይዘውና ሊከብድ ይችላል።

ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ

የአልትራሳውንድ ሴንሰር ከታንከሩ ጣሪያ ድምፅ ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል። ጊዜውን ወደ ርቀት የሚለውጠው የድምፅን ፍጥነት ታሳቢ አድርጎ ነው። ፍጥነቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ግን 267 ሜትር ያህል ነው። ጋዝ ያለው ማዕድን ውሃ በተከማቸበት ዝግ ታንከር ውስጥ ከውሃው በላይ ያለው ክፍል በዚህ ጋዝ ቢሞላ፣ 2 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ 2.57 ሜትር መስሎ ይነበባል። ስሕተቱ አደገኛ ወደሆነው ወገን ያደላል፤ ታንከሩ ሊሞላ ሲቃረብ መሣሪያው ገና ብዙ ቦታ እንዳለ ይናገራልና። በብዙ ሴንሰሮች ላይ የሚገኘው የሙቀት ማስተካከያም የጋዙን ዓይነት አይለይም። ራዳር ግን የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ በአየርም በካርቦን ዳይኦክሳይድም ፍጥነቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ታንከር ራዳር ዋጋው ቢወደድም ተገቢው ምርጫ ይመስላል።

የቦታው ከፍታ

የግፊት ሴንሰር ታንከሩ ሥር ተቀምጦ የፈሳሹን ክብደት ይለካል፤ 1 ሜትር ውሃ 9.8 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጫናል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 101 ነው። ፍጹም ግፊት የሚለካ ሴንሰር በባሕር ወለል ዜሮው ተስተካክሎ ቢመጣና እንዳለ ቢገጠም፣ ውሃውን 2.3 ሜትር ያህል አሳንሶ ያነባል። በኬብሉ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ያለው ዓይነት የውጩን አየር እያመሳከረ ስለሚለካ ከዚህ ስሕተት ይድናል፤ ቱቦው ግን በክረምት እርጥበት እንዳይገባበት በማድረቂያ ሊጠበቅ ይገባል። ዝግ ሆኖ ጋዝ የታመቀበት ታንከር ደግሞ የላይና የታችን ግፊት የሚያነጻጽር መሣሪያ ይፈልጋል።

ነዳጅ

በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ ምድጃውን ያነድድ የነበረው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። ይህ ነዳጅ እንዲፈስ መሞቅ አለበት፤ ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሆነም ተንሳፋፊን ሊይዝ ይችላል። የፈሳሹ እፍግታም መታወቅ አለበት፦ ለውሃ የተስተካከለ የግፊት ሴንሰር ቀላሉን ናፍጣ 16 በመቶ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ለቤንዚንና ለኤታኖል ታንከር ፍንዳታ እንዳያስነሣ የተመሠከረለት ሴንሰር የግድ ነው።

ታኅሣሥ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ የአንድ ታንከር መለኪያ ቆሞ ቀረ፤ ተርፎ እንዳይፈስ የሚዘጋው ማብሪያ ማጥፊያም አልሠራም። ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ፤ ፍንዳታው 43 ሰዎችን አቆሰለ። ስለዚህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ከዋናው ሴንሰር ፈጽሞ የተለየ ሊሆንና በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል።

ሽቦና ጥገና

ሴንሰሮች በብዛት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ባለው ምልክት ይናገራሉ። ባዶ ታንከር 4 ስለሆነ 0 ከታየ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚደጋገምበት ቦታ ለሴንሰሩ የራሱ ባትሪ ይያዝለት። በየነዳጅ ማደያው የሚታወቀው ዲፕ ስቲክም አይጣል፤ የሴንሰሩ ንባብ በየጊዜው ከእርሱ ጋር ይመሳከር።