ምላጭና እጅ፤ የስለት ዕውቀት ከቤት ወደ ፋብሪካ ስለ መሻገሩ

በአማርኛ ምላጭ የሚለው ስም «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም በግዕዝ «ላጸየ» ከሚለው ጋራ አንድ ሥር አለው። በጠመንጃ ላይ በጣት የሚሳበውንም ብረት ሕዝቡ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ዛሬ ግን ምላጭ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ አንድ አንድ እየተባለ የሚሸጠው፥ በሁለት ወገን ስለት ያለው ስስ ብረት ነው። ቀድሞ ቃሉ ያመለክት የነበረው ባለቤቱ እየሳለ ለብዙ ዘመን የሚጠብቀውን መሣሪያ ነበር። ከሚጠበቅ ዕቃ ወደሚጣል ዕቃ የተደረገው ይህ ሽግግር የአንድ መሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለትን የማውጣትና የመመዘን ዕውቀት ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደ ገባም ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስለትን ተጠቅሞ መጣል የፋብሪካ ዘመን የወለደው ልማድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከብረት በፊት የነበረ ነው። ፍራንሲስካዊው መነኵሴ ሁዋን ዴ ቶርኬማዳ ስለ ሜክሲኮ ጽፎ በ1615 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚገልጸው፥ የአገሩ ሰዎች ከባልጩት ድንጋይ ስስ ስለት እየፈለጡ ያወጡ ነበር። የድንጋዩ ስለት በመጀመሪያው ጊዜ ጠጕርን እንደ ብረት ምላጭ ይላጫል፤ ወዲያው ግን ይደንዛልና አንድ ጢም ለመጨረስ ብዙ ስለት ያስፈልግ ነበር። ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ የደነዘውን መጣል ማንንም አይጎዳም ነበር። በኢትዮጵያም የኢትኖሎጂና የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት በኮንሶና በጋሞ ቆዳ የሚፍቁ ባለሞያዎች የመፋቂያቸውን ስለት ከድንጋይ ሲያወጡ ተመልክተው ጽፈዋል፤ በኮንሶ ሥራው በብዛት የሴቶች ሞያ ነው። የድንጋዩ ጠርዝ በሥራ መካከል እየተፈለጠ ይታደሳል፤ እጅግ ሲያንስም ይጣላል። በዚህ ሁሉ የሚጣለው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩን የመምረጥና የመፍለጥ ዕውቀት ግን ከሠሪው እጅ አይወጣም።

ብረት ሲመጣ ሥርዐቱ ተለወጠ። ብረት ውድ ነውና ሲደንዝ አይጣልም፤ ይሳላል። በእንግሊዝ አገር ሰዓት ሠሪው ቤንጃሚን ሀንትስማን በ1740ዎቹ ዐረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ እያቀለጠ ጥራቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያደርግበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ፥ የሸፊልድ ከተማ በምላጭ ሥራ ስመ ጥር ሆነች፤ በጀርመን አገርም ዞሊንገን እንዲሁ። በዚያን ጊዜ የነበረው ምላጭ ወደ እጀታው የሚታጠፍ፥ በአንድ ወገን ብቻ ስለት ያለው ነበር። ባለቤቱ ከመላጨቱ በፊት ሁልጊዜ ስለቱን በቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ አልፎ አልፎም በመሳያ ድንጋይ ላይ ያሳርፈዋል። ጠፍሩ ሲረግብ ወይም እጁ ሲያዘነብል ስለቱ ከመቃናት ይልቅ ይከበባል። ስለዚህ መላጨትን የሚማር ሰው ሁለት ሞያ በአንድ ጊዜ ይማር ነበር፤ አንደኛው ምላጩን በፊት ላይ መምራት ሲሆን፥ ሁለተኛው ስለቱን ማቃናት ነው። ይህን ለመማር ጊዜም ድፍረትም የሌለው ሰው ፊቱን ለባለሞያ ይሰጥ ነበር።

ሰው በራሱ እጅ በደኅና እንዲላጭ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ስለታም ዕቃ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ በ1769 ራስን በራስ መላጨት ስለ መማር አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ከስለቱ ጥቂት ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ የእንጨት መከለያ በምላጭ ላይ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። በ1847 እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሰን ስለቱን እንደ ዶማ ከእጀታው ጫፍ ላይ አጋድሞ አስቀመጠው። በ1880 በአሜሪካ የካምፕፌ ወንድማማቾች መከላከያ ላለው መላጫ የፈጠራ መብት አገኙ። ይሁን እንጂ ሦስቱም ያቃለሉት የመጀመሪያውን ሞያ፥ ማለት የፊትን አደጋ ነው። ሁለተኛው ሞያ እንደ ነበረ ቀረ፤ በካምፕፌዎቹ መላጫ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ብረት አሁንም ከቆዳ ጠፍር አልተለየም ነበር።

ሁለተኛውን ሞያ ከቤት ያስወጣው በ1855 በዊስኮንሲን የተወለደው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ጂሌት በንግድ ሥራ የቆርኪ ኩባንያ ወኪል ነበር፤ የጠርሙስ ቆርኪን የፈለሰፈው ዊልያም ፔንተርም ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ጥሎ ተመልሶ የሚገዛውን ነገር እንዲያስብ መክሮት እንደ ነበረ ይነገራል። በ1895 ያሰበው ነገር ከሁለት ወገን የተሳለ ስስ ብረት በመላጫ ውስጥ ተጣብቆ እንዲሠራና ሲደንዝ እንዲጣል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን አስቸጋሪ ሆነ። ስስ ብረት በእሳት ሲጠነክር ይጣመማልና ነገሩ አይቻልም ያሉት የብረት ዐዋቂዎች ነበሩ። ችግሩን የፈታው የማሽን ሊቅ የነበረው ዊልያም ኒከርሰን ነው፤ እርሱም ስሱን ብረት የሚያጠነክሩና የሚስሉ መሣሪያዎችን አበጀ። ኩባንያው በ1901 በቦስተን ተቋቁሞ በ1903 መሸጥ ሲጀምር የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ የመላጫው ዋጋም 5 ዶላር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተሸጠው መላጫ ከ90,000 በላይ ሆነ፤ የፈጠራ መብቱም በዚያው በ1904 ተሰጠ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚሆን መላጫ አዘዘ፤ ወታደሩም በሰፈር የለመደውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከፈጠራው የማያንስ ውጤት አለው። በ1921 የመጀመሪያው የፈጠራ መብት ዘመን ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎችም ለዚያው መላጫ የሚስማማ ምላጭ መሥራት ቻሉ። ፉክክሩ ብርቱ ስለ ሆነ በ1930 ጂሌት የምላጩን ቅርጽ ሲለውጥ፥ ተወዳዳሪው የነበረው የሄንሪ ጌዝማን ኩባንያም ከእርሱ ጋራ ተቀላቀለ። በመጨረሻው ርዝመቱ ወደ 43 ሚሊሜትር፥ ወርዱ ወደ 22 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱም የሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል የሆነ፥ መካከሉ ተበስቶ የተቀደደ ምላጭ የዓለም የጋራ ቅርጽ ሆኖ ጸና። ይህ ቅርጽ ዛሬም አልተለወጠም። በጃፓን አገር በሴኪ የሚሠራው፥ በላሆር የሚሠራው፥ በኢስታንቡልና በእስክንድርያ የሚሠራው ምላጭ ሁሉ በአንድ መላጫ ውስጥ ይገባል። ልዩ ልዩ ምላጭን እየለዋወጡ መሞከር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ቅርጹ አንድ ቢሆንም ስለቱ አንድ አይደለም። ሃሪ ብሬርሊ በሸፊልድ በ1913 ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ከሠራ በኋላ፥ ብረቱ ወደ ምላጭ ደርሶ በገበያ ድል ያደረገው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልኪንሰን ሶርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የማይዝገውን ምላጭ ሲያወጣ ነው። ቀድሞ የነበረው ምላጭ በጥቂት ቀን ዝገት ይበላው ስለ ነበር፥ የአዲሱ ዕድሜ ገዢዎችን አስደነቀ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ጠርዙን በክሮሚየም፥ በፕላቲንና ቴፍሎን በሚባለው ልስልስ ነገር ስስ አድርገው ይቀባሉ። የአሳሳሉ ማዕዘንና የቅቡ ዓይነት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፥ በተጠቃሚዎች ዘንድ የጃፓኑ ፌዘር በስለቱ ብርታት፥ የቱርኩ ደርቢ በልዝብነቱ ይታወቃል።

በውሃና በሳሙና አረፋ መላጨትን አዲስ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ስፍራ ነው። ፊቱ ሲቈስል ምላጩን ይወቅሳል፤ ምላጩን ሲለውጥ ሳሙናውንም፥ መላጫውንም አብሮ ይለውጣልና ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። ሙከራው ዕውቀት የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ምላጩ ብቻ ሲለወጥ ነው። አስቀድሞ ጢሙን በሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ማርጠብ ይገባል፤ ውሃ የጠጣ ጠጕር ይለዝባልና። መላጫው በእጅ ክብደት ሳይጫን በራሱ ክብደት ይሄዳል፤ ከቆዳው ጋራ ያለውም ማዕዘን ወደ ሠላሳ ዲግሪ ይሆናል። እጅ ይህን ሳይለምድ የተሰጠ ፍርድ የምላጩን ሳይሆን የእጁን ጠባይ ይናገራል። እጅ ከለመደ በኋላ ግን ተማሪው ስለት የሚባለው ነገር አንድ ጠባይ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ጠጕርን ሳይጎትት መቁረጥ አንድ ነገር ነው፤ ቆዳን ሳያቃጥል ማለፍ ሌላ ነው፤ እስከ አራተኛና አምስተኛ ቀን መጽናትም ከሁለቱ የተለየ ነው።

ምላጭ የሚደንዝበት ምክንያት ራሱ በቅርብ ጊዜ ነው በደንብ የተመረመረው። የሰው ጠጕር ከምላጭ ብረት ወደ ሃምሳ እጅ የሚለዝብ ሆኖ ሳለ ብረቱን ያበላሸዋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳዩት፥ ጠርዙ ቀስ በቀስ መከበብ ብቻ ሳይሆን ይሸረፋል። ይህም የሚሆነው ጠጕሩ ጐንበስ ብሎ በአግድም ሲገናኘውና የብረቱ ውስጣዊ አሠራር በዚያ ስፍራ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው ያመሰገነውን ምላጭ ሌላው ቢነቅፈው ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የጠጕሩ ውፍረትና አበቃቀል ይለያያልና። በተለይ ጢሙ የተጠቀለለ ሰው እጅግ ስል ምላጭ ይጠቅመኛል ብሎ ከሥሩ ሲላጭ፥ የተቈረጠው ጠጕር ተመልሶ ሥጋውን እየወጋ ያቈስለዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ብልህነት የሚሆነው ከሁሉ የሚስለውን ሳይሆን ለእርሱ የሚበቃውን መምረጥ ነው።

በ1971 ጂሌት ሁለት ስለት በአንድነት የታሰሩበትን መላጫ ሲያወጣ፥ በ1975ም ቢክ እጀታውም ጭምር የሚጣለውን ሲያቀርብ የጋራው ቅርጽ በባለጠጎቹ አገሮች ወደ ዳር ተገፋ። በታሰረው ስለት ላይ ቅርጹ የየኩባንያው ንብረት ነው፤ የአንዱ ስለት በሌላው እጀታ አይገባም። የመላጫውን እጀታ የገዛ ሰው የስለቱንም ሻጭ አብሮ መርጧል። በሌላ ወገን በእስያና በአፍሪካ ጠፍጣፋው ምላጭ ስለ ርካሽነቱ ስፍራውን አለቀቀም።

በኢትዮጵያ ይህ ምላጭ ከጢም አልፎ ብዙ ሥራ ይዟል። የልጅ ራስ ሲላጭ ቍንጮ ወይም ጋሜ የሚተውበት፥ ለሐዘን ራስ የሚላጭበት ልማድ ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ ምላጩ በአሮጌው ልማድ ውስጥ ገባ እንጂ ልማዱን አልፈጠረም። ተማሪ እርሳሱን ይቀርጽበታል፤ ሰፊ ስፌት ይተረትርበታል። ነገር ግን የዕቃው ጠባይ ተለውጦ ልማዱ ሳይለወጥ የቀረበት ስፍራ አደጋ አመጣ። የቀድሞው ምላጭ የቤተሰብ ወይም የመንደር የጋራ ዕቃ ሊሆን ይችል ነበር፤ አንድ ሰው እንዲጠቀምበት የተሠራውም ስስ ምላጭ በዚያው ልማድ ከራስ ወደ ራስ ሲተላለፍ ደምን ከደም ያገናኛል። የኤች አይ ቪ በሽታ በተስፋፋበት ዘመን ስለታም ነገርን በጋራ አለመጠቀም በአገሩ ሁሉ የተሰበከው ስለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ የመጣል ልማድ ብክነት ሳይሆን የሕይወት ጥበቃ ሆነ።

እንግዲህ የምላጭ ታሪክ ዕውቀት ጨርሶ እንደ ጠፋ አይመሰክርም፤ ስፍራውን እንደ ለወጠ ግን ይመሰክራል። ድንጋይ ፈላጩ ስለቱን ያወጣ ነበር፤ የሸፊልድ ምላጭ ባለቤት ያቃናው ነበር፤ የዛሬው ሰው ይመዝነዋል። ይህም የመመዘን ዕውቀት በጋራው ቅርጽ ላይ የቆመ ነው፤ ቅርጹ የአንድ ሻጭ ንብረት በሆነበት ስፍራ ሰው የሚያነጻጽረው አያገኝምና ፍርዱ ይደክማል። ስለ አንድ ሕዝብ መሣሪያ የሚጽፍ ተመራማሪም የዕቃውን መልክና ስም ከመመዝገብ በተጨማሪ፥ ስለቱን ማን እንደሚያድስ፥ ማን እንደሚመርጥ፥ መቼና ለምን እንደሚጣልም ቢጠይቅ፥ በትንሽ ብረት ውስጥ የሞያን፥ የንግድንና የጤናን ታሪክ በአንድነት ያገኘዋል።