ከሐረር በፊት የነበረው ተራራ

ልጅ ሳለሁ ሐረር ውስጥ አንድ ውሸት እየነገርኩ ሳንቲም አገኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጀጎል ውስጥ ሕዝቡ «ራምቦ ቤት» የሚለው፣ በእንጨት ሥራ ያጌጠ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ፈረንጆች ካሜራቸውን አንግተው ሲመጡ እኛ የሰፈሩ ልጆች ቀድመን እየሮጥን መንገድ እንመራለን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ እኔ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት እጠቁምና «ራምቦ የሚያድረው እዚያ ነበር» እል ነበር። ያመነኝም ያላመነኝም ሳንቲሙን አይነፍገኝም።

አድጌ መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ታሞ ሐረርን የለቀቀውም፣ ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ የሞተውም በ1891 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱ ደግሞ ከእሱ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። እፍረቱ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ታዲያ ይህ ሰው በእርግጥ የደከመበት፣ ዛሬም የቆመ ቤት የለም ይሆን? እያልኩ ስፈልግ መልሱን ያገኘሁት ከሐረር እጅግ ርቆ ነው፤ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በሐዋርያው በርናባስ አገር በቆጵሮስ ደሴት፣ በትሮዶስ ተራራ ላይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድል ቀንቶኝ ሄድኩ። ከሊማሶል ወደብ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የደንገጎን ዳገት አስታወሰኝ። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነስቶ ሐረር ሲደርስ ኮት የደረበ ሰው የምለውን ይረዳኛል። ታች ባሕሩ ዳር ሰው በላብ ተጠምቋል፤ ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ የፓይን ዛፍ ሽታ ያዘለ ብርድ ፊትን ይገርፋል። በክረምታቸው ጫፉ በረዶ ይለብሳል።

ቤቱ ተራራው ላይ የተሠራበት ምክንያትም ይኸው ብርድ ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከኦቶማን ቱርኮች እጅ የተረከቡት በ1878 ነው። በዚያው ዓመት ወታደሮቻቸው ቆላው ላይ በትኩሳት በሽታ ተረፈረፉ። ስለዚህ ለሙቀቱ ወራት ጦሩም አገረ ገዢውም ወደ ተራራው መውጣት ያዙ፤ ለአገረ ገዢውም መኖሪያ ይሠራለት ጀመር። ራምቦ በ1878 መጨረሻ ቆጵሮስ ደርሶ በላርናካ አካባቢ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ነበር። በሽታ ጥሎት በ1879 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1880 እንደገና መጥቶ በትሮዶስ የአገረ ገዢው ቤት ሥራ ላይ ተቀጠረ፤ እኛ አገር «ካቦ» በምንለው ሹመት መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ውስጥ ከተራራው ላይ ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ ስለ ቅኔ አንድም ነገር አያነሳም። ስለ ብርዱ ያማርራል፤ ስለ አናጢነትና ስለ እንጨት መሰንጠቂያ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ነሐሴ ላይ ኤደን ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ሐረር ገባ። የሐረር ታሪኩ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ተራራ ከወረደ በኋላ ነው።

ቤቱን በዛፎች መካከል ከአጥር ውጭ ሆኜ አየሁት። ጣራው የሾለ፣ የድንጋይ ቤት ነው። ዛሬ የቆጵሮስ ፕሬዝዳንት የሙቀት ወራት ማረፊያ ነው። ባለቅኔው ይህን ቤት ሲሠራ በገዛ እጁ እንደደከመ የሚመሰክር በፈረንሳይኛ የተጻፈ ጽላትም ተሰቅሎለታል። እዚህ ላይ ነው የልጅነት ሥራዬ ፊቴ የተደቀነው። ራምቦ ራሱ በደብዳቤው የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነኝ ነው ያለው። ድንጋዩን የጠረቡትና የተሸከሙት ሰዎች ስም በጽላቱ ላይ የለም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ግን ሥራው ለካቦው ተጽፎለታል። ጽላቱ እኔ በሳንቲም የነገርኩትን ዓይነት ታሪክ በነፃ ይናገራል ማለት ነው።

እዚያው ተስፋ ቆርጬ ብመለስ ኖሮ ትሮዶስን ሳላውቀው እቀር ነበር። ተራራው ራሱ ከቤቱ የበለጠ ታሪክ አለው። ከፍተኛው ጫፍ ኦሊምፐስ 1,952 ሜትር ነው። የረገጥኩት ድንጋይ ግን የባሕር ሥር ነበር። ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በውቅያኖስ ወለል ሥር የተፈጠረ አለት፣ የመሬት ንጣፎች ሲገፋፉ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተነሣ። መካከሉ ይበልጥ ስለተነሣና ላዩን ዝናብና ጎርፍ ስለጠረገው፣ ዛሬ ከሁሉ ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ የሚገኘው ድሮ ከሁሉ ጥልቅ የነበረው አለት ነው። የምድርን ሆድ ለማየት ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

መዳቡም የመጣው ከዚያ ጥንታዊ ባሕር ሥር ነው። ፍል ውኃ በአለቱ ስንጥቅ እየወጣ ያከማቸው ማዕድን በተራራው ግርጌ ዙሪያ ተገኘ። ሮማውያን መዳብን «የቆጵሮስ ብረት» ብለው ስለጠሩት፣ የብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የመዳብ ስም ከዚህች ደሴት ስም የወጣ ነው። ስኩሪዮቲሳ በተባለው ስፍራ ጥንታውያኑ አቅልጠው የጣሉት ጥቁር ዝቃጭ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይታያል።

በግርጌው ያሉ የመዳብ ቆፋሪዎች በ1948 ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። ግሪክ ተናጋሪውና ቱርክ ተናጋሪው በአንድ ሰልፍ ነበሩ። ደሴቲቱ ከ1974 ወዲህ ለሁለት ተከፍላ መቅረቷን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ከጫፉ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የአሚያንቶስ የአዝቤስቶስ ማዕድን አለ። ከ1904 እስከ 1988 ሲቆፈር ኖሮ በተራራው ላይ ትልቅ ጠባሳ ጥሏል። አሁን አፈር እየለበሰ ዛፍ እየተተከለበት ነው።

የሠራተኛ ስም ፍለጋዬን የካሱልኝ በመጨረሻ አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። በትሮዶስ መንደሮች ውስጥ ግድግዳቸው በሥዕል የተሸፈነ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ዘጠኙ በ1985፣ አሥረኛው በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከውጭ ሲታዩ ጎተራ ይመስላሉ። በረዶው እንዳይጎዳቸው የሾለ የእንጨትና የሸክላ ጣራ ደርበውላቸዋል፤ በካኮፔትሪያ ያለው አንዱ እንዲያውም ስሙ «የጣራው ቅዱስ ኒቆላዎስ» ነው። ውስጥ ሲገባ ግን ከጣራ እስከ ወለል ቅዱሳን በቅዱሳን ነው።

በፔዱላስ መንደር ባለው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆምኩ። አንድ የመንደር ቄስ የቤተ ክርስቲያኑን ትንሽ አምሳያ በእጁ ይዞ ለመልአኩ ያቀርባል፤ ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ አብረውት ናቸው። ጽሑፉ በ1474 በቄስ ባሲሊዮስ ካማዶስ ወጪ መሠራቱን ይናገራል። ሠዓሊው ሚናስ መሆኑንም አልደበቀም። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተንበርክኮ የተሣለውን አሠሪ የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግድነት አይሰማውም። አናጢውና ድንጋይ ጠራቢው እዚህም አልተጻፉም። ቢሆንም ከፍሎ ያሠራው ማን፣ የሣለው ማን እንደሆነ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ግድግዳ አጥርቶ ይናገራል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ እግር ጥሎዎት ወደዚያች ደሴት ከሄዱ ባሕሩ ዳር ብቻ ውለው አይመለሱ። የመንደሩን ቁልፍ ያዥ ጠይቀው በሩን ያስከፍቱ፤ ጫፉ ላይ ወጥተው የባሕሩን ወለል ይርገጡ። የካቦውን ቤትም በአጥሩ በኩል ይዩት።

ሐረር በተመለስኩ ጊዜ ራምቦ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ልጅ እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ጠቆመኝ። «እዚህ አላደረም» አልኩት። ክው ብሎ አየኝ። ከዚያ ስለ ትሮዶስ፣ ስለ ብርዱና ስለ ደብዳቤው ነገርኩት። ሳንቲሙንም ሰጠሁት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ድንጋዩን ማን ተሸከመው?» አለኝ።

እኔም እሱን ነው የምፈልገው አልኩት።