ሙያ በልብ ብቻ አይቀመጥም፤ የእጅ ሥራችንና የወሬው ታሪክ

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ብድርና ቁጠባ አይደለም። በየበረንዳችን፣ ቡና በተፈላ ቁጥር፣ እጅ ሲሠራ አፍ ስለሚያወራው ነገር ነው። ጽሑፉ የታሪክ ቢሆንም ማለቂያው ላይ ወደ መዝገባችን ይመልሰናል፤ ሒሳብ የያዘ ሰው ጠባዩ ነውና ትታገሡናላችሁ።

አብደራፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ናት። አጨዳ ሲደርስ ከተማዋ በሳሉግ ትሞላለች፤ አጨዳው ሲያልፍ ትረግባለች። አብዛኞቻችን ወይም ወላጆቻችን ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሌላውም የመጣው ሁሉ ከዕቃው ጋር የእጁን ሙያም ይዞ ወርዷል። አንዷ መሶብ ትሰፋለች፤ ሌላዋ ዳንቴል ትሠራለች፤ ሦስተኛዋ ጥጥ ትፈትላለች። አንዱ ጎረቤት ከአሮጌ በርሜል የከሰል ማንደጃ ይቆርጣል፤ ልጁ ከሽቦና ከጣሳ መኪና ይሠራል። ሙቀቱ በረድ ሲል ሁሉም ደጅ ይወጣል፤ ወሬው ይጀመራል።

ወሬው ሲሰሙት ተራ ነው። “እትዬ፣ ያቺ መሶብ የት ደረሰች?” “ወገቧ ላይ ነኝ፤ አክርማው አለቀብኝ።” “ለምን የማዳበሪያውን ክር ተርትረሽ አትሞክሪውም? እኔ ክዳኑን በእሱ ጨረስኩት።” “አይሾልክም?” “ውኃ ካላስነካሽው አይሾልክም፤ ወስፌውን ግን ቀጭን አድርጊው።” እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ሴቶቹ ጊዜ ይገድላሉ ይላል። ነገር ግን በዚህች አጭር ወሬ ውስጥ የዕቃ እጥረት ተነግሯል፣ ምትክ ዕቃ ተገኝቷል፣ የምትኩ ጉድለት ተጠይቋል፣ መፍትሔውም ተሰጥቷል። የደጋው ስንደዶና አክርማ ቆላ ድረስ ሳይወርድ ሲቀር የሰሊጥ ከረጢት ክር የተተካው በጥናት አይደለም፤ እንዲህ በበረንዳ ወሬ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን “ሙያ በልብ ነው” ይሉ ነበር። ያወቀ አይናገርም፣ ሥራው ይናገርለታል ለማለት ነው። ለትሕትና ጥሩ አባባል ነው። የእጅ ሥራችን ታሪክ ሲታይ ግን ሙያ ከልብ ወጥቶ በአፍ ባይነገር ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ፈትልን እንይ። ጥጥ ከተለቀመ በኋላ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፤ በእጅ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። በእኛ አገር ልማድ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሥራ ነበረ። አንዲት እናት ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ለማድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጅባታል፤ ቤቱን፣ ልጁን፣ ገበያውን ሳትተው ነውና። ስለዚህ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ተሰብስበው ይፈትሉ ነበር። ክሩ ሲወፍር ወይም ሲበጠስ አይታ የምታርመው ጎረቤት ነች። ልጃገረዷም ማንም ሳያስተምራት በጆሮዋና በዓይኗ ትማራለች። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ተረት ራሱ የወጣው ከዚህ ሥራ ነው።

ጥጥ ደግሞ የቆላ ሰብል ነው። ደጋው ለልብሱ ከቆላ የሚወጣ ጥጥ ያስፈልገዋል። መተማ በሱዳንና በጎንደር መካከል የነጋዴ በር ስለነበረች ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ ጨርቁ በእሷ በኩል ይመላለስ ነበር። ብዙዎቻችን መተማን የምናውቃት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው በወደቁባት ጦርነት ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ስም ነው። ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ግን በዚያ በር ሲያልፍ የኖረው ከጦር ይልቅ የሰው እጅ ሥራና የምርት ጭነት ነው።

ከድንበሩ ማዶም አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በ1853 ዓ.ም. ክረምት በአትባራ ወንዝ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ከርሞ ነበር። የእኛ አንገረብም ውኃው መጨረሻው አትባራ ነው። ሰውየው የመጣው ለአደንና የወንዞቹን መንገድ ለማወቅ ነበር፤ ዝናቡ ሲይዘው ግን እንደማንኛውም የቆላ ሰው የሣር ጎጆ ገዝቶ ገባ። ጎጆዋን አደላድሎ አሳመራት፤ ከስብና ከአመድ ሳሙናም ይሠራ ጀመር። ይህን ሁሉ በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ በኩራት ጽፎታል። ይህን የምናነሣው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን በዚያው ቆላ ጎጆ ያቆሙ፣ ሰሌን የሠሩ፣ ሸክላ የጠፈጠፉ ስንት ሴቶች ነበሩ? የእሱ የአንድ ክረምት ሳሙና ስለተጻፈ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የእነሱ የዕድሜ ልክ ሥራ ስላልተጻፈ ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

በዚያ ዘመን በአገራችን ስሙ የገነነ የእጅ ሥራ ቦታ ጋፋት ነው። ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ ያለ ሥፍራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እንደ ዋልድማየር ያሉ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስቀምጠው መንኮራኩርና መድፍ አሠርተዋል፤ የአገራችን ልጆችም አብረው ሠርተዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። በሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ጋፋት ግን ከንጉሡ ጋር ቀረ። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ እኛ ግን አንዱን ማንሣት እንፈልጋለን። ያ ሙያ የሠፈረው በንጉሥ ትእዛዝ፣ በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ዓላማ ነበር። ወደ መንደሩ ወሬ አልገባም። ፈትልና ስፌት ግን ንጉሥ ሳያዛቸው፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈትላቸው፣ ስንት መንግሥት አልፎ እዚህ ደርሰዋል። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲነገሩ ኖረዋልና።

ሌላው ምክንያት ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያለ የሚያሸማቅቅ አገር ነበርን። ማረሻውን፣ ማሰሮውን፣ ምጣዱን ከእነሱ ይገዛል፤ ዘወር ሲል ይሰድባቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ የሚገልጽ አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሥ አዋጅ እስኪያወጣለት ድረስ ስድቡ የቱን ያህል በርትቶ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለዚህ ታሪክ እኛ ቆላዎቹ ምስክርነት አለን። በጎንደር አካባቢ በወለቃና በሌሎች መንደሮች የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ የታወቁ ነበሩ። በ1970ዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ከሄዱባቸው መንገዶች ዋናዎቹ በአርማጭሆና በመተማ ቆላ የሚያልፉት ናቸው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሰው በበሽታና በረሃብ አልቋል። በ1977 ዓ.ም. ወደ 8,000 የሚሆኑት ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ ተወስደዋል። ሰዎቹ የሄዱት በእምነታቸው ምክንያት ነው። ከእነሱ ጋር ግን ስንት ዘመን የተጠራቀመ የእጅ ዕውቀት አብሮ ከአካባቢው ወጣ። ሲሠሩ የኖሩትን ጎረቤቶቹ ሲንቁ ስለኖሩ አጠገባቸው ተቀምጦ የተማረ ጥቂት ነው። ንቀት ወሬን ይከለክላል፤ ወሬ ከሌለ ሙያ አይተላለፍም።

ሴቶች ተሰብስበው የሠሩትና የተጻፈላቸውም አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ የነበሩበት የሴቶች ማኅበር በአዲስ አበባ ለወታደሩ ልብስና የቁስል ማሰሪያ አዘጋጅቷል፤ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል የፊት መሸፈኛም ሰፍቷል። በዚያ ክፍል የተቀመጠችው ሴት የያዘችው መርፌ እቤቷ ጥልፍ ስትጠልፍበት ከነበረው የተለየ አይደለም። በሰላም ጊዜ “የቤት ሥራ” የተባለው ሙያ በክፉ ቀን ለአገር ተፈለገ።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። አባል ስትመዘገብ በምንሞላው ቅጽ ላይ “የሥራ መስክ” የሚል ቦታ አለ። የምትነግድ “ንግድ” ታስሞላለች፤ ጠላ የምትሸጥ፣ እንጀራ የምትጋግርም ትናገራለች። መሶብ የምትሰፋዋ፣ ፈትል የምትፈትለዋ ግን “ሥራ የለኝም፣ የቤት እመቤት በሉኝ” ትላለች። ሸክላ የምትሠራዋ ከነጭራሹ ሙያዋን አታነሣም፤ ለምን እንደማታነሣው ከላይ ያወጋነውን ያነበበ ያውቃል። ብድር ሲሰጥ ገቢ ያላት ትቀድማለች። ስለዚህ የቆየው ንቀት ዛሬ በእኛ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ባዶው ቦታም አንዲትን ሴት ብድር ያስከለክላታል።

በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ አንዲት አባል በቀን 2 ሰዓት እየሰፋች በ20 ቀን አንድ መሶብ ጨረሰች እንበል፤ 40 ሰዓት ነው። በ2,000 ብር ሸጠችው። ለሣር፣ ለቀለምና ለመጓጓዣ 600 ብር አውጥታለች። የቀራት 1,400 ብር ለ40 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 35 ብር ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሊል ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዋናው ነገር ቁጥር መኖሩ ነው። ወጪዋን፣ ሰዓቷንና ሽያጯን ጽፋ የያዘች ሴት ነጋዴ ዋጋ ሲሰብራት “በዚህ አይወጣልኝም” የምትልበት ማስረጃ አላት። ያልጻፈችው ግን “ለእጅሽ ምን አወጣሽበት?” ስትባል ዝም ትላለች።

በዚህ ምክንያት ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ሦስት ነገር ለማድረግ አስበናል፤ ለጠቅላላ ጉባኤም እናቀርበዋለን። አንደኛ፣ በቅጹ ላይ “የእጅ ሙያ” የሚል የራሱ ቦታ ይኑረው፤ ሙያውም በስድብ ስሙ ሳይሆን ባለቤቷ በምትጠራው ስም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በቁጠባ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ለዕቃ ወጪ፣ ለሰዓትና ለሽያጭ ሦስት ዓምድ ይሰመር፤ መጻፍ የማትችል አባል ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትሙላላት። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ከስብሰባው በኋላ የቡናው ሰዓት ለእጅ ሥራ ይተው። አጀንዳ የለውም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝበትም። እያንዳንዷ የጀመረችውን ይዛ ትምጣ፤ ያልገባትን ትጠይቅ፤ የምታውቀውን ትናገር። ሴት ልጆቻችንንም ይዘን እንምጣ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ስለ እኛ ሪፖርት ሲጻፍ “ሥራ አጥ ሴቶች” የሚል ቃል እናያለን። በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ጥጥ የምትፈትል፣ መሶብ የምትሰፋ፣ ማንደጃ የምትለስን ሴት ሥራ አጥታ አታውቅም። የጎደላት ገበያና መነሻ ገንዘብ ነው። ድጋፋችሁ በዚያ በኩል ቢመጣ ሥራው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ቡና የሚውልበትን ቀን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንለጥፋለን። ወስፌ፣ መርፌ፣ እንዝርት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የማዳበሪያ ክር መተርተር የምትችሉ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ብዙ ጠያቂ አለ።